የፊውል ሴል ሞዴል ይዞ ለድኅረ ዶክትሬት ማመልከት፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። በኬሚካል ምሕንድስና የዶክትሬት ጥናቴን ለመጨረስ አምስት ወር ያህል ቀርቶኛል። ከታተመ ጽሑፍ የወሰድኩትን የአንድ ፊውል ሴል (ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) የጅረትና የቮልቴጅ ኩርባ ሰባት ፓራሜትሮችን እያስተካከልኩ በማትላብ የስሌት ሶፍትዌር ስገጥመው አር ስኩዌሩ (ኩርባው ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳየው ቁጥር፣ ፍጹም ሲሆን 1) 0.998 ሆነ። ምልክቱን ገልብጬ ለኤሌክትሮላይዘርም (ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለሚከፍለው መሣሪያ) ተጠቀምኩበት። ቤተ ሙከራም ሆነ ኮምሶል የተባለው የሞዴሊንግ ሶፍትዌር ፈቃድ የለኝም፤ ሞዴሊንግ ግን ቤተ ሙከራ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ። ‹ከግልገል ጊቤ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ማምረት› በሚል ርዕስ አሁኑኑ ለድኅረ ዶክትሬት ላመልክት ወይስ የሚጎድለኝ ነገር አለ?»

ምላሽ፦ አሁን ባለዎት ሥራ አያመልክቱ፤ ሆኖም የሚጎድልዎት እርስዎ ያሰቡት ነገር አይደለም። የኮምሶል ፈቃድ አለመኖሩ እንደ ቁም ነገር የሚቆጠር እንቅፋት አይደለም፤ የቤተ ሙከራ አለመኖር ደግሞ እርስዎ ከገመቱት በላይ ይከብዳል፤ ከሁለቱም የሚብሰው ግን 0.998 የሚለውን ቁጥር የሞዴልዎ ትክክለኛነት ማስረጃ አድርገው መያዝዎ ነው። በዚህ ዘርፍ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሚቀጥር ሰው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሚያፋጥጥዎት በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ሰባት ፓራሜትር ካሉኝ በኋላ በየትኛው ሞዴል እንደሠሩ መገመት አላዳገተኝም። መሠረቱ በካናዳ የንጉሣዊ ወታደራዊ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ለባላርድ ኩባንያ ስታክ (ለተደራረቡ ፊውል ሴሎች) ያወጡት፣ ከፊሉ ከፊዚክስ ከፊሉ ከልኬት የተቀዳ ሞዴል ነው። ከዚያ ወዲህ የተኩላን አደን፣ የዓሣ ነባሪን ዋናና የንብን አበባ ፍለጋ በሚያስመስሉ ስልተ ቀመሮች እነዚህኑ ቁጥሮች ደጋግመው የሚፈልጉ ጽሑፎች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ የቀረው የጅብ ብቻ ነው እንዳልል እሱም ተሠርቶበታል። የሚወዳደሩት ስሕተትን ከአስርዮሽ ነጥብ በኋላ ባለው አራተኛና አምስተኛ ቤት ላይ በማሳነስ ሲሆን፣ በሴሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚጨምሩት እውቀት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለስላሳና ወደ ታች የሚያዘቀዝቅን አንድ ኩርባ ሰባት ነፃ ቁጥሮች ይዞ አለመግጠም ነው የሚከብደው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። በኤሌክትሮላይዘር ሥራ በሰፊው የሚታወቀው ናፊዮን 117 የተባለው ሜምብሬን (የሴሉን ሁለት ጎኖች ለይቶ ፕሮቶን የሚያሳልፍ ስስ ፖሊመር) ውፍረቱ 183 ማይክሮ ሜትር ነው። የፕሮቶን አስተላላፊነቱን በሴንቲ ሜትር 0.10 ሲመንስ፣ በሰሌዳዎቹ መገናኛ ላይ ያለውን ሬዚስታንስ ደግሞ ዜሮ ብናደርግ፣ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 1 አምፒር ሲያልፍ 183 ሚሊቮልት ይጠፋል። አስተላላፊነቱን ወደ 0.14 ከፍ አድርገን በመገናኛው ላይ 0.052 ኦም ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብንጨምርስ? የሜምብሬኑ ድርሻ ወደ 131 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ የመገናኛው 52 ይጨመርበታል፤ ድምሩ ያው 183 ነው። ኩርባው ሁለቱን ፈጽሞ ሊለያቸው አይችልም፤ ኮምፒውተሩም ከሁለቱ አንዱን የሚሰጥዎት ፍለጋውን ከየት እንደጀመረ እንጂ ሜምብሬኑ ምን እንደሆነ አይቶ አይደለም። የሚለያቸው ሙከራ ነው፤ ለምሳሌ ያንኑ ልኬት ውፍረታቸው በተለያየ ሁለት ሜምብሬኖች ላይ መድገም። ሪአክሽኑን በሚያፋጥነው በካታሊስቱ በኩልም የልውውጥ ጅረቱ (የሪአክሽኑ መነሻ ፍጥነት) እና የታፌል ዳገት (ጅረቱን አሥር እጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቮልቴጅ) አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራሉ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ድኅረ ዶክትሬት ላይ ሳለሁ አንድ ኩርባ በጥሩ ሁኔታ ገጥሜ፣ የሜምብሬኑ አስተላላፊነት ከሚጠበቀው በሩብ ያህል አንሶ ቢወጣ «ሜምብሬኑ በደንብ አልረጠበም» የሚል ትርጓሜ ሰጥቼ ሁለት ገጽ ጽፌበት ነበር። በኋላ ለካ ቮልቴጁ የተነበበው ከሴሉ ተርሚናል ሳይሆን ከኃይል ሰጪው መሣሪያ ላይ ኖሯል። እኔ የሜምብሬን ድርቀት ያልኩት የአንድ ሜትር ተኩል ኬብል ሬዚስታንስ ነበር። ሞዴሉ ምንም አላጉረመረመም፤ የኬብሉን ጥፋት ዋጥ አድርጎ 0.99 ሰጠኝ።

ስለዚህ ሞዴል የሚፈተነው ባልተገጠመበት ሁኔታ የሚሆነውን አስቀድሞ ሲናገር ነው፤ ለዚህም የሚኖሩበት ከተማ ጥሩ መፈተኛ ይሰጥዎታል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ጀበናውም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ግድም ነው። ፊውል ሴል በ80 ዲግሪ ሲሠራና የሚገባው አየር በእንፋሎት የጠገበ ሲሆን፣ እንፋሎቱ ብቻውን 47 ኪሎፓስካል ይይዛል። ይህ ቁጥር በሙቀቱ እንጂ በከፍታው አይለወጥም። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ ከ101 ላይ 47 ሲቀነስ ለደረቁ አየር 54 ይተርፈዋል፤ ጅማ ላይ ግን ከ82 ላይ ያው 47 ሲቀነስ የሚተርፈው 35 ብቻ ነው። ኦክስጅኑ ከዚህ 21 በመቶውን ስለሚይዝ ለብቻው የሚኖረው ግፊት ከ11.3 ወደ 7.3 ኪሎፓስካል ይወርዳል። የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ሲቀንስ ኦክስጅኑ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን የእርስዎን ሞዴል ይጠይቁት። በሰባቱ ፓራሜትሮች ቀመር ውስጥ ኦክስጅን የሚገባው በሎጋሪዝም ስለሆነና የመጨረሻው የጅረት ጣሪያ (ሴሉ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ጅረት) እንደ ቋሚ ቁጥር ስለተቀመጠ፣ ሞዴሉ የሚነግርዎት ቮልቴጁ 15 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ እንደሚል ብቻ ነው፤ በዝቅተኛም በከፍተኛም ጅረት ያው 15። ከጋዝ ዝውውር የሚነሳ ሞዴል ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጋዙን ወደ ካታሊስቱ በሚያሠራጨው የካርቦን ወረቀት ሰፊ ቀዳዳዎች ውስጥ ጋዝ የሚጓዘው ሞለኪዩል ከሞለኪዩል እየተጋጨ ሲሆን፣ ግፊቱ ሲቀንስ ግጭቱም ስለሚቀንስ ጉዞው ይፈጥናል፤ ይህ የኦክስጅኑን ማነስ በከፊል ይክሰዋል። ማነቆው እዚያ ከሆነ የጅረቱ ጣሪያ የሚወርደው በአንድ አምስተኛ ያህል ነው። ማነቆው በካታሊስቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ወይም የፕላቲነም ቅንጣቶችን በሸፈነው ስስ የፖሊመር ፊልም ውስጥ ከሆነ ግን የሚክስ ነገር ስለሌለ ጣሪያው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይወርዳል። አንድ ከተማ፣ ሦስት የተለያዩ ትንበያዎች! ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ስሕተት መሆን አለባቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑም ልኬት ይናገራል። ሳይንሱ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ማመልከቻዎ ላይ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ከፍታ በፊውል ሴል ላይ የሚያሳርፈው ጫና አስቀድሞ የተጠና ጉዳይ ስለሆነ እንደ አዲስ ግኝት እንዳያቀርቡት፤ የሚጠቅምዎት ሞዴልዎን ለመፈተን ነው።

ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልለፍ። ኤሌክትሮላይዘር ምልክቱ የተገለበጠ ፊውል ሴል አይደለም። እርግጥ የቴርሞዳይናሚክሱ እኩልታ አንድ ነው፤ በ25 ዲግሪ 1.23 ቮልት በሁለቱም አቅጣጫ ያው 1.23 ነው፤ የሪአክሽኑን ጅረት ከቮልቴጁ ጋር የሚያያይዘው የበትለር ቮልመር እኩልታም በቅርጹ አይለወጥም። ዕቃው ግን ሌላ ነው። በፊውል ሴል ውስጥ የሚያገለግለው የካርቦን ወረቀት በኤሌክትሮላይዘሩ አኖድ (ኦክስጅን በሚወጣበት ጎን) ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ስለሚበላ በቦታው ታይታኒየም ይገባል፤ ካታሊስቱም ፕላቲነም መሆኑ ቀርቶ የኢሪዲየም ኦክሳይድ ይሆናል። በፊውል ሴል የሚያስቸግረው ጋዝ ውስጥ የተጠራቀመ የውሃ ጠብታ ሲሆን በኤሌክትሮላይዘር የሚያስቸግረው ውሃ ውስጥ የተፈጠረ የጋዝ አረፋ ነው። ሜምብሬኑም በዘመናዊ ፊውል ሴል ከ10 እስከ 25 ማይክሮ ሜትር ቢሳሳም በኤሌክትሮላይዘር እስከ 180 የሚወፍረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሃይድሮጅኑ ወደ ኦክስጅኑ ጎን እንዳያልፍ ነው።

ይህ የሃይድሮጅን ማለፍ ምልክት በመገልበጥ ከቶ የማይገኝ ነገር ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የሚያልፈው ሃይድሮጅን መጠን በጅረቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚመረተው ኦክስጅን ግን ከጅረቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለምሳሌ የሚያልፈው በጅረት ሲመነዘር በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 5 ሚሊአምፒር ነው እንበል። ሴሉ በ1 አምፒር ሲሠራ ሃይድሮጅኑ ከኦክስጅኑ 1 በመቶ ይሆናል፤ በግማሽ አምፒር 2 በመቶ፤ በሩብ አምፒር 4 በመቶ ገደማ። ሃይድሮጅን ሊቀጣጠል የሚጀምረው ከዚሁ 4 በመቶ አካባቢ በመሆኑ በተግባር 2 በመቶ ላይ ማንቂያው ይጮኻል። ጅረቱ ሲቀንስ ቮልቴጁ ዝቅ ስለሚል የእርስዎ ኩርባ «ቅልጥፍናው ተሻሻለ» ይላል፤ ሴሉ ግን ወደ አደጋ እየቀረበ ነው።

ስለ ርዕስዎም እዚሁ ላይ ሐሳቤን ልንገርዎት። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420፣ ጊቤ ሦስት ደግሞ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ለጅማ ሰው መነሻ ሆነው መታየታቸውም አያስገርምም። ነገር ግን የውሃ ኃይል ከሰዓት ሰዓት እንደ ፀሐይና እንደ ነፋስ ስለማይዋዥቅ ሞዴሊንግን የሚፈትነው የዝቅተኛ ጭነት ችግር በእሱ ላይ እምብዛም አይታይም። በዚህ ርዕስ የሚጽፉት ጥናት ከኤሌክትሮኬሚስትሪ ይልቅ ወደ ወጪና ዋጋ ስሌት ያዘነብላል። ያ መጥፎ ሥራ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ማምረት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ማስላት ያስፈልጋል። ሴሉ በ1.8 ቮልት ከሠራ 48 ያህል ነው፤ እያንዳንዱ 0.1 ቮልት 2.66 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል፤ የምርቱ ሙሉ የሙቀት ይዘት ደግሞ 39.4 ነው። ሆኖም ይህን ዓይነቱን ሥራ የሚቀጥሩት የኃይል ሥርዓት ተንታኞች እንጂ እርስዎ ሊያመለክቱላቸው ያሰቧቸው ቡድኖች አይደሉም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ የእኔ ምክር በሴሉ ደረጃ ይቆዩ ነው።

ሞዴሊንግ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም የሚለው እምነትዎ በከፊል ብቻ እውነት ነው። መሣሪያው በእርስዎ ክፍል ውስጥ ባይኖርም የሚለካ ሰው ግን ያስፈልግዎታል፤ ከታተመ ሥዕል ላይ ነጥብ በነጥብ የተቀዳ ኩርባ የሴሉን ስፋት፣ የተጨመቀበትን ኃይል፣ የአየሩን እርጥበትና ቮልቴጁ የት እንደተነበበ አይነግርዎትም። የጽሑፉን ባለቤቶች ጥሬ መረጃውን ይጠይቋቸው፤ ከጠየቋቸው አራት ሰዎች አንዱ ቢመልስልዎት በቂ ነው። የራሴን ልኬት ልሥራ ብለው በጨው ውሃና በአይዝጌ ብረት ማንኪያዎች ሃይድሮጅን ለማምረት ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ ጨው ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ብረቱ ደግሞ መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ወደ ውሃው ይለቃል፣ የሚገኘው መረጃም ለምንም አይረባም።

አሁን መሠራት ያለበትን ልናገር። የሚያስፈልግዎት በሜምብሬኑ፣ በካታሊስቶቹና በጋዝ ማሠራጫዎቹ ውፍረት በኩል ብቻ የሚሄድ የአንድ አቅጣጫ ሞዴል ሲሆን፣ በፓይተን ወይም ባለዎት ማትላብ በገዛ እጅዎ ይጻፉት። መነሻው ስፕሪንገር፣ ዛዎድዚንስኪና ጎተስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1991 ከሎስ አላሞስ ያወጡት ሞዴል ይሁን፤ ዛሬም የብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የሜምብሬን እኩልታ ከእሱ የወረደ ነው። አስተላላፊነቱ ሜምብሬኑ በያዘው የውሃ መጠን እንዴት እንደሚወሰን፣ ፕሮቶኑ ሲያልፍ ውሃውን እየጎተተ አንዱን ጎን እንዴት እንደሚያደርቅ ከወረቀት ላይ እስኪያወጡት ድረስ ኮድ አይክፈቱ። እንዲህ ያለ ሞዴል በተራ ላፕቶፕ ቡና እስኪፈላ አይቆይም፤ መብራት ቢጠፋም የሚጠፋብዎት የሦስት ቀን ስሌት ሳይሆን የአንድ ደቂቃ ነው። ወደ ሦስት አቅጣጫ መሄድ ካስፈለገ ኦፕን ፎም የተባለ ሶፍትዌር አለ፤ ከአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦፕን ኤፍ ሲ ኤስ ቲ ደግሞ ለፊውል ሴል ብሎ የተሠራ ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ስሌቱ መጀመሪያ ላይ ወደ መልሱ አልቀርብ ይልዎታል፤ ምክንያቱም በበትለር ቮልመር ውስጥ ያለው ኤክስፖኔንሻል ነው። በ80 ዲግሪ 0.4 ቮልት የሪአክሽኑን ፍጥነት ወደ 700 እጥፍ ሲያሳድገው፣ ግምትን ደረጃ በደረጃ እያሻሻለ መልስ የሚፈልገው የኒውተን ዘዴ በአንድ እርምጃ ተሳስቶ 1.4 ቮልት ቢዘል 10 ቢሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ የሚመልስልዎት «ቁጥር አይደለም» የሚል ብቻ ነው። መድኃኒቱ ከትንሽ ጅረት ጀምሮ ያገኙትን መልስ ለሚቀጥለው ደረጃ መነሻ እያደረጉ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። መልስ ካገኙ በኋላም አይመኑት። በአንዱ ጎን የገባው ጅረት በሌላው ጎን መውጣቱን፣ የገባውና የተመረተው ውሃ ከወጣው ጋር እኩል መሆኑን፣ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 1 አምፒር በሰከንድ 5.18 ማይክሮሞል ሃይድሮጅን መፍጀቱን ይፈትሹ። ሴሉ ለስሌት የተከፋፈለበትን የመረብ ክፍልፋይ በግማሽ ሲያሳንሱ ስሕተቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ አንድ ቦታ ላይ ጥፋት አለ። የትኛው ፓራሜትር በመረጃው በእርግጥ እንደሚታወቅና የትኛው እንደማይታወቅ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ይጨምሩ፤ የማይታወቁትን በግልጽ መጻፍ አያሳፍርም፣ እንዲያውም ከ0.998 የበለጠ የሚያስከብርዎት እሱ ነው።

የዘርፉን ወሰንም ይወቁ። እንዲህ ያለው ሞዴል አንድ አዲስ ካታሊስት ለምን እንደሚሻል አይነግርዎትም፤ ያ የኳንተም ስሌት ሥራ ነው። ሴሉ ከ40,000 ሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስልም ያለ እርጅና መረጃ አይናገርም፤ እናገራለሁ የሚል ማመልከቻ ሲያጋጥመኝ ከመጀመሪያው ገጽ አላልፍም።

ስለ ቦታው ባጭሩ፦ ለዚህ ሥራ በጀርመን የዩሊሽ የምርምር ማዕከል፣ በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር የሚገኘው የዙሪክ የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳ አልበርታ የሚታወቁ ቡድኖች አሏቸው፤ ወደ ቤት ቀረብ ሲሉም ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረችው ብሔራዊ የሃይድሮጅን ፕሮግራም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ዶክትሬቱ በእጅዎ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በሚሄዱበት አገር የኖረ ሰውንም አይቀበልም። ሁለተኛው እርስዎን አይነካዎትም፤ የመጀመሪያው ግን አሁኑኑ ላመልክት የሚለውን ሐሳብ ለዚህ ድጋፍ በራሱ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከተቀባዩ ተመራማሪ ጋር አብሮ የሚጻፍ ስለሆነ ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድመው ሊጽፉለት ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለሞዴሉ፣ አራተኛውን ለፍተሻው ይስጡ፤ በአምስተኛው ለአራት ወይም ለአምስት ቡድኖች ብቻ ይጻፉ፤ አንድ ደብዳቤ ለስልሳ ፕሮፌሰር አይላኩ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የእያንዳንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ አንብበው በእሱ ውስጥ ሞዴልዎ በተለየ ሁኔታ የሚተነብየውን አንድ ነጥብ ይጥቀሱ፤ ኮዱን ያያይዙ፤ ሥዕሉም አንድ ብቻ ይሁን፦ በባሕር ጠረፍና በጅማ ከፍታ የተሳሉ ኩርባዎች፣ ከጎናቸውም የሰባቱ ፓራሜትሮች ሞዴል የሰጠው 15 ሚሊቮልት።